የኮንግረስ ኖሚኔሽን ለማግኘት፦ ወደ አሜሪካ የጦር አካዳሚዎች ለሚያመለክቱ ልጆችና ለወላጆቻቸው ዝርዝር መመሪያ

ዌስት ፖይንት ወይም አናፖሊስ ለመግባት አስበው ከቀሩ የሐበሻ ልጆች፣ እኔ እንዳየሁት፣ ብዙዎቹን ያስቀራቸው ውጤት ሳይሆን ቀን ነው። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ስፖርተኛ ነው፣ ጨዋ ነው። ግን 12ኛ ክፍል ገብቶ ኖቬምበር ላይ "ኖሚኔሽን ያስፈልግሃል" ሲባል የሴናተሩ ቢሮ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል። ሌላው ደግሞ "እኛ ሴናተር የሚያውቅ ዘመድ የለን" ብሎ ሳይጀምር ይተወዋል። ይሄኛው ይበልጥ ያንገበግበኛል። ኖሚኔሽን ማለት ሴናተር ወይም የተወካዮች ምክር ቤት አባል ልጁን ለአካዳሚው በዕጩነት ማቅረቡ ነው። ፎርም አለው፣ የመጨረሻ ቀን አለው፣ ቃለ መጠይቅ አለው። ዘመድ አይፈልግም። አንድ ሳንቲምም አይከፈልበትም። "እኔ አስገኝላችኋለሁ" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት።

ይህን ጽሑፍ ልጅና ወላጅ አብራችሁ አንብቡት። አንዳንዱ ሥራ የወላጅ ነው፤ አብዛኛው ግን የልጁ ነው።

መጀመሪያ ይህን ለዩ

የፌዴራሉ መንግሥት አምስት አካዳሚዎች አሉት፦

- ዌስት ፖይንት፣ የምድር ጦር፣ ኒው ዮርክ
- የባሕር ኃይል አካዳሚ፣ አናፖሊስ፣ ሜሪላንድ
- የአየር ኃይል አካዳሚ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ
- የንግድ መርከብ አካዳሚ፣ ኪንግስ ፖይንት፣ ኒው ዮርክ
- የኮስት ጋርድ አካዳሚ፣ ኒው ለንደን፣ ኮነቲከት

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ኖሚኔሽን ይጠይቃሉ። ኮስት ጋርድ አይጠይቅም፤ እንደማንኛውም ኮሌጅ በቀጥታ ይመለከታል። ይህን ያዙት፣ ወደ መጨረሻ ላይ ይጠቅማችኋል።

ማመልከቻው ሁለት ነው። አንዱ ለአካዳሚው፣ አንዱ ለኮንግረስ ቢሮው። ቢሮው ስም ያቀርባል፣ የሚቀበለው አካዳሚው ነው። አንዱን ጨርሶ ሌላውን የረሳ ልጅ በሁለቱም ይወድቃል።

ቁጥሩንም እወቁት። እያንዳንዱ ሴናተርና የተወካዮች ምክር ቤት አባል በዌስት ፖይንት፣ በአናፖሊስና በአየር ኃይል አካዳሚ በአንድ ጊዜ አምስት አምስት ተማሪ ሊኖረው ይችላል። ከነዚህ አንዱ ሲመረቅ ቦታ ይከፈታል። ለተከፈተው ቦታ ቢሮው እስከ 15 ስም ማቅረብ ይችላል። ስለዚህ ኖሚኔሽን ማግኘት ገብቶ መጨረስ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ቢሮዎች ስሞቹን ሳያስቀድሙ ይልኩና አካዳሚው ያወዳድራቸዋል። አንዳንዶቹ ግን አንድ ልጅ "ዋና" ብለው ያስቀድማሉ። ያ ልጅ በትምህርት፣ በአካል ብቃትና በሕክምና ብቁ ከሆነ ቦታው የእሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ዜግነትና ስም (ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ የወላጅ ሥራ)

ግሪን ካርድ አይበቃም። ልጁ አካዳሚ በሚገባበት ቀን የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት። አንዳንድ ቢሮዎች ደግሞ ማስረጃውን ከማመልከቻው ጋር ይጠይቃሉ።

በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጣችሁ ከሆነ እዚህ ላይ አትዘናጉ። በ2000 በወጣው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት፣ ግሪን ካርድ ያለውና ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ አሜሪካ ውስጥ ዜጋ ከሆነ ወላጁ ጋር በሕጋዊ አሳዳጊነቱ ሥር የሚኖር ከሆነ፣ ወላጁ ዜግነት ሲያገኝ እሱም በሕግ ዜጋ ይሆናል። ራሱን ችሎ ማመልከት አያስፈልገውም። ልጁ 18 ካለፈው ግን ይህ በር ይዘጋል። የራሱን ማመልከቻ አስገብቶ ተራ መጠበቅ ይኖርበታል፤ የአካዳሚው ቀን ደግሞ እሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ግሪን ካርድ ካገኛችሁ አምስት ዓመት የሞላችሁ ወላጆች፣ ፈተናውን "ከርሞ" እያላችሁ አታቆዩት። ኤን 400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ፎርም አሁን አስገቡ። ቃለ መሐላ እንደፈጸማችሁ ለልጁ የአሜሪካ ፓስፖርት አውጡለት።

ቀጥሎ ስም። የእኛ አጠራር እዚህ አገር ፋይል ውስጥ ብዙ ጣጣ ያመጣል። በትምህርት ቤት የአባት ስም ተጽፎ፣ በፓስፖርቱ የአያት ስም ይገኛል። የፊደል አጻጻፉም ይለያያል። ከኢትዮጵያ የልደት ካርድ ላይ የተገለበጠው የልደት ቀን በቀናት ይዛነፋል። ሰው ቢያየው ይገባዋል። ኮምፒውተር ግን የኤስኤቲውን (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን) ውጤት ከልጁ ፋይል ጋር አያገናኘውም።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ መነሻ አድርጉ።
2. የትምህርት ቤቱን መዝገብ፣ የኤስኤቲ አካውንቱንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን ከእሱ ጋር አስተያዩ።
3. የማይመሳሰል ካለ ከ11ኛ ክፍል በፊት አስተካክሉ። የትምህርት ቤት ካውንስለር ዘንድ ሄዶ መነጋገር ይበቃል። የሶሻል ሴኩሪቲው ግን ጊዜ ሊወስድ ይችላል።
4. ልጁ ስሙ ያለበት ጨዋ የኢሜይል አድራሻ ይክፈት። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በዚያ አድራሻ ይሁን። በየቀኑም ይየው።

ሌላው መስፈርት አጭር ነው። ቢያንስ 17 ዓመት መሙላት፣ አለማግባት፣ በሕግ የሚያስተዳድሩት ልጅ አለመኖር። የዕድሜ ጣሪያም አለ፤ ኮሌጅ ጀምሮ ለሚያመለክት ልጅ የየአካዳሚውን ገጽ ማየት ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁና የአሜሪካ ዜግነት የሌላችሁ አንባቢዎች፣ ይህ መንገድ የእናንተ አይደለም። አካዳሚዎቹ የተወሰኑ የውጭ አገር ተማሪዎችን ይቀበላሉ፤ ግን በመንግሥታቸው በኩል ቀርበው፣ በአሜሪካ ኤምባሲ አማካይነት ነው።

ደረጃ 2፦ ፍላጎቱ የማን ነው?

ትምህርቱ ነጻ ነው። መኝታና ምግቡም ነጻ ነው፤ ወርሃዊ ክፍያም አለው። ይህ ብዙ ወላጅ ይማርካል። ግን ልጁ ሲመረቅ መኮንን ሆኖ ቢያንስ አምስት ዓመት በሥራ ላይ ያገለግላል። ከተጠባባቂው ጋር ግዴታው ስምንት ዓመት ነው። የኪንግስ ፖይንት ግዴታ በመርከብ ሥራና በተጠባባቂነትም ስለሚፈጸም ለብቻው ይነበብ። ጦርነት ቢነሳ ልጃችሁ ይሄዳል። ይህን እቤት ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ተነጋገሩ። እናትየው ሳታውቅ ተጀምሮ ኤፕሪል ላይ ለቅሶ የሚሆንበት ቤት አለ።

ልጁ መኮንን መሆን ካልፈለገ እዚሁ ላይ ቁሙ። ጠያቂዎቹ "ይህ የማን ሐሳብ ነው?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ከልጁ ፊት ላይም ያነቡታል።

ሴት ልጆቻችሁን አትርሱ። ዌስት ፖይንት፣ አናፖሊስና የአየር ኃይል አካዳሚ ከ1976 ጀምሮ ሴቶችን ይቀበላሉ። ከታች ያለው ሁሉ ለእነሱም ነው።

ደረጃ 3፦ የምታመለክቱባቸውን ቢሮዎች ቁጠሩ

ለአንድ ተማሪ በተለምዶ አራት በር አለው፦

1. የስቴቱ አንደኛ ሴናተር
2. የስቴቱ ሁለተኛ ሴናተር
3. የዲስትሪክቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባል
4. ምክትል ፕሬዚዳንቱ (ከኪንግስ ፖይንት በስተቀር)

ለአራቱም አመልክቱ። "አንዱ ይበቃኛል" ማለት ትልቁ ስሕተት ነው። የምክትል ፕሬዚዳንቱ ከመላው አገር ስለሚያወዳድር በጣም ጠባብ ነው። ቢሆንም ፎርሙ አጭር ነውና ሙሉት።

ዲሲ ከተማ ውስጥ ለምትኖሩ አንድ ልዩነት አለ። ዲሲ ሴናተር የላትም። ከኮንግረስ በኩል ያላችሁ የዲሲ ተወካይ ቢሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚያ ቢሮ የመጨረሻ ቀን ካመለጣችሁ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ እንዳለው ልጅ ሌላ ሁለት ሙከራ የላችሁም። ቀኑን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ዲስትሪክታችሁን በግምት አትወስኑ። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የዚፕ ኮድና የቤት አድራሻ አስገብታችሁ አረጋግጡ። በአንድ ሰፈር ሁለት ጎረቤቶች የተለያየ ዲስትሪክት ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። የዲስትሪክት ወሰን አንዳንዴ እንደገና ስለሚሰመር፣ የታላቅ ወንድም የዛሬ አራት ዓመት ያመለከተበት ቢሮ ዛሬ የእናንተ ላይሆን ይችላል። የሚቆጠረው ሕጋዊ መኖሪያ ነው። ለተሻለ ትምህርት ቤት ሲባል የአክስት አድራሻ ሰጥታችሁ ከሆነ ችግር ይፈጠራል፤ ከማመልከታችሁ በፊት አስተካክሉት።

ለኪንግስ ፖይንት ውድድሩ በዲስትሪክት ሳይሆን በስቴት ደረጃ ነው።

ከዚህ ሌላ በሮች አሉ። አባት ወይም እናት የረጅም ጊዜ ወታደር ከሆኑ የፕሬዚዳንቱ ኖሚኔሽን አለ። በአገልግሎት የሞተ ወይም ከባድ የአካል ጉዳት የደረሰበት ወላጅ ያላቸው ልጆች የራሳቸው መደብ አላቸው። ጄአርኦቲሲ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወታደራዊ ሥልጠና ውስጥ የሚሳተፍ ልጅ ደግሞ አስተማሪውን "የእኛ ክፍል ኖሚኔሽን መስጠት ይችላል?" ብሎ ይጠይቅ። የማይጠየቅ ነገር እየመሰላቸው የሚያልፉት ብዙ ናቸው።

ደረጃ 4፦ 10ኛና 11ኛ ክፍል

ሒሳብ፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ጠንካራ ይሁኑ። ካልኩለስ ትምህርት ቤቱ ካለው ውሰዱ። በቀላል ኮርስ የመጣ ከፍተኛ ጂፒኤ አካዳሚዎቹን አያታልልም።

በቡድን የሚሠራ ስፖርት ያስፈልጋል። ኳስ፣ ሩጫ፣ ትግል፣ ዋና፣ የትኛውም ይሁን፤ ዋናው ነገር ከዓመት ዓመት መቆየቱ ነው።

የመሪነት ጉዳይ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። የእኛ ልጆች ፎርሙ ላይ "የመሪነት ልምድ" የሚለው ቦታ ጋ ሲደርሱ ባዶውን ይተዉታል። የክለብ ፕሬዚዳንት ስላልነበሩ ምንም ያልሠሩ ይመስላቸዋል። ያው ልጅ ግን በሰንበት ትምህርት ቤት ሃያ ሕፃናት ያስተምራል። እናቱን ሆስፒታል ይዞ ሄዶ ያስተረጉማል። ታናናሾቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ያስጠናቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ለጁላዩ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር የሰፈሩን ቡድን ያሰባስባል። ይህ ሁሉ ይጻፋል። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ለስንት ዓመት፣ ስንት ሰው ኃላፊነቱ ላይ እንደነበረ አብሮ ይጻፋል። በዲያቆንነት የሚያገለግል ልጅ ደግሞ ሌሊት ተነስቶ መሄዱን፣ ሰዓት መጠበቁን ይናገር። ወታደር ቤት የሚገባው ቋንቋ ነው።

አሁኑኑ አንድ ደብተር ወይም ፋይል ክፈቱና በየወሩ መዝግቡ። ሲኒየር ዓመት ላይ ለማስታወስ መሞከር ያስጨንቃል።

ደረጃ 5፦ የአካዳሚውን ፋይል ክፈቱ (11ኛ ክፍል፣ ክረምት ማለትም ዊንተር)

1. በ11ኛ ክፍል በክረምቱ (በዊንተር) ወራት በየአካዳሚው ድረ ገጽ ላይ የመጀመሪያውን መጠይቅ ሙሉ። ይህ ካልተከፈተ ብዙ ቢሮዎች ማመልከቻውን አይመለከቱም።
2. አካዳሚዎቹ በበጋ (በሰመር) ለ11ኛ ክፍል ጨራሾች የአንድ ሳምንት ገደማ ፕሮግራም አላቸው። ማመልከቻው ከበጋው ብዙ ወራት ቀድሞ ይዘጋል። ባይሳካም ተስፋ አትቁረጡ፤ ሳይገቡበት የተቀበሏቸው ብዙ ናቸው።
3. ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲ ፈተናውን በ11ኛ ክፍል ጸደይ (ስፕሪንግ) ውሰዱ። ውጤቱ ካነሰ ኦገስት ላይ እንደገና ተፈተኑ። ሒሳቡን አትናቁ።

ደረጃ 6፦ የኮንግረስ ቢሮውን ማመልከቻ አዘጋጁ

አብዛኞቹ ቢሮዎች ፎርሙን በ11ኛ ክፍል ጸደይ ይከፍታሉ። የመጨረሻ ቀናቸው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ ግን ሁሉም የየራሱ ቀን አለው። አራቱን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ለራሳችሁ ሁለት ሳምንት የቀደመ ቀን አድርጉ።

ወደ ቢሮው የሚደውለው ልጁ ራሱ ነው። አባት ደውሎ "ልጄ ጎበዝ ነው" ማለቱ አይረዳም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ልጁ እንዲህ ይበል፦ ስሜ እገሌ ይባላል፣ በዚህ አድራሻ እኖራለሁ፣ ለአካዳሚ ኖሚኔሽን ማመልከት እፈልጋለሁ፣ ኃላፊውን ማነጋገር እችላለሁ? ይህን ሥራ የሚከታተል አንድ ሰው በየቢሮው አለ። የእሱን ስምና ኢሜይል ያዙ።

አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው ይህ ነው፦

- የተሞላና የተፈረመ ፎርም
- የመረጃ ፈቃድ ፊርማ
- ትራንስክሪፕት
- የኤስኤቲ ወይም የኤሲቲ ውጤት
- የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ ብዙ ጊዜ ሦስት
- አጭር ጽሑፍ
- የእንቅስቃሴዎች ዝርዝር
- ፎቶ

*የድጋፍ ደብዳቤ።* መምህራንን ሜይ ላይ፣ ትምህርት ሳይዘጋ ጠይቁ። ሴፕቴምበር ላይ ሁሉም ተማሪ ይጠይቃቸዋል። አንድ የሒሳብ ወይም የሳይንስ መምህር፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ልጁን በሥራ ወይም በአገልግሎት ያየ ሰው ቢሆን መልካም ነው። ዘመድ አይጽፍም። "ትልቅ ሰው" ፍለጋም አትሂዱ። ልጁን በዓመት አንዴ በዓል ላይ የሚያየው ዶክተር ወይም ኢንጂነር የሚጽፈው ደብዳቤ ባዶ ነው። ልጁን ዘወትር የሚያዩት ቄስ ወይም የመስጊድ መምህር ግን ጥሩ ምስክር ናቸው፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው የደብሩ ጸሐፊ ያግዛቸው፣ ልጁ ራሱ አይጻፈው። ለጸሐፊዎቹ የእንቅስቃሴውን ዝርዝርና የመጨረሻውን ቀን በጽሑፍ ስጧቸው። በሁለት ሳምንቱ በትሕትና አስታውሷቸው። ቢሮው ደብዳቤው በቀጥታ ከጸሐፊው ይምጣ ካለ በልጁ እጅ አይለፍ።

*ጽሑፉ።* ብዙ የሐበሻ ልጆች ጽሑፋቸውን በአባታቸው ስደት ይሞሉታል። በሱዳን በኩል፣ በኬንያ በኩል፣ ከዚያ አሜሪካ። ታሪኩ ትልቅ ነው፤ አከብረዋለሁ። ግን ቢሮው የሚመርጠው አባትን አይደለም። በሁለት ዓረፍተ ነገር ንኩትና ወደ ራሳችሁ ተመለሱ። ምን ሠራችሁ? አንድ የከበደ ቀን ላይ ምን ወሰናችሁ? ለምን መኮንን? ለምን ይህ አካዳሚ፣ ሌላው ያልሆነ? "አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ" የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። እናንተ በድርጊት አሳዩት።

*የአካዳሚ ምርጫ ቅደም ተከተል።* ፎርሙ "አንደኛ፣ ሁለተኛ" ብላችሁ አስቀምጡ ይላችኋል። እውነተኛውን ጻፉ። የአንዳንድ ስቴት ቢሮዎች ዝርዝራቸውን እርስ በርስ ያስተያያሉ። ለአንዱ ዌስት ፖይንት፣ ለሌላው አናፖሊስ አንደኛ ነው ካላችሁ ይታያል።

ይህ ከተበላሸ

- ደብዳቤ ካልደረሰ፦ ቀኑ ከማለፉ በፊት ለቢሮው ኃላፊ ጻፉና ተጠባባቂ ጸሐፊ አቅርቡ። ለዚህ ሲባል ሦስት ደብዳቤ ቢፈለግም ከመጀመሪያው አራት ሰው ጠይቁ።
- ትራንስክሪፕቱ ከዘገየ፦ ካውንስለሩ ጋ በአካል ሂዱ። በኢሜይል ብቻ አትቀመጡ።
- ሁሉንም ልካችሁ ማረጋገጫ ካልመጣ፦ በሳምንቱ "ፋይሌ ተሟልቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ደርሷል" እና "ተሟልቷል" ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። የተሟላ ካልሆነ ለቃለ መጠይቅ አይጠሩም።
- ቀኑ ካለፈ፦ ያኔውኑ ደውሉ። ብዙ ጊዜ አይራዘምም። ወደ ቀሪዎቹ ቢሮዎች ዙሩ። የምክትል ፕሬዚዳንቱ ማመልከቻ ዘግየት ብሎ ነው የሚዘጋው።

ደረጃ 7፦ ቃለ መጠይቅ

ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ይጠራችኋል። ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ በፈቃደኝነት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከአካዳሚዎቹ የተመረቁ፣ ጡረታ የወጡ መኮንኖች፣ መምህራን፣ የአካባቢው ሰዎች። ሦስት ወይም አምስት ሆነው ይቀመጣሉ። ጊዜው አጭር ነው።

የእኛ ልጆች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ቤት ውስጥ ያስተማርናቸው መልካም ነገር ቃለ መጠይቁ ክፍል ውስጥ ይገለበጥባቸዋል። ትልቅ ሰው ፊት ዓይን መስበር ጨዋነት ነው ብለን አሳድገናቸዋል፤ እዚያ ግን የሚደብቁት ነገር ያለ ያስመስላል። ራስን ማመስገን ነውር ነው ብለናቸዋል፤ ስለዚህ "ምን መርተሃል?" ሲባሉ "ብዙም አልሠራሁም" ይላሉ። ሁሉንም "እኛ አደረግን" ብለው ያወራሉ፤ ጠያቂው ደግሞ የእሱን ድርሻ ማወቅ ይፈልጋል። ጨዋነታቸውን ይያዙ። ግን ይህን ይለማመዱ፦

1. ገብተው ሁሉንም እየጨበጡ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያዩ ስማቸውን ይናገሩ። ስማቸው ለፈረንጅ ጆሮ ከባድ ከሆነ ቀስ ብለው ይበሉት። ማሳጠር አያስፈልግም።
2. የሠሩትን እንደ ሪፖርት ይናገሩ። "እኔ ይህን ወሰንኩ፣ ይህ ተበላሸ፣ እንዲህ አስተካከልኩ።" ይህ ጉራ አይባልም።
3. የማያውቁትን ሲጠየቁ "አላውቅም፣ አጣርቼ እመለሳለሁ" ይበሉ። መቀባጠር ይጥላል።
4. "አዎ ሰር"፣ "አዎ ማም" ይበሉ። መልስ ሰጥተው ሲጨርሱ ዝም ይበሉ።

የሚጠበቁ ጥያቄዎች፦ ለምን መኮንን? ለምን ይህ አካዳሚ? ባይሳካ ምን ታደርጋለህ? የከሸፈብህን ነገር ንገረን። ጓደኛህ ሲያጭበረብር ብታይ? ሰሞኑን በዓለም ላይ የሚሆነውን አንዱን አስረዳን። ከተመረቅህ በኋላ በየትኛው ዘርፍ?

"ባይሳካስ?" የሚለው ወጥመድ ይመስላል፤ ግን ቀላል ነው። "በአርኦቲሲ በኩል መኮንን እሆናለሁ፣ ከርሞም እንደገና አመለክታለሁ" የሚል ልጅ ፍላጎቱ እውነት መሆኑን ያሳያል። (አርኦቲሲ ኮሌጅ እየተማሩ ለመኮንንነት የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም ነው።) "የሕክምና ትምህርት ልጀምር" ያለው ግን ነጻ ትምህርት ፈላጊ ይመስላል።

ስለ ኢትዮጵያ ሊጠይቁ ይችላሉ። እውነቱን፣ በአጭሩ መልሱ። ፖለቲካ ውስጥ አትግቡ። እዚያ ዘመድ መኖሩ አያስቀርም። ወደፊት ለመኮንንነት የደኅንነት ማጣሪያ ሲሞላ የውጭ ዘመዶችና ጉዞዎች ይጠየቃሉ፤ ስለዚህ ከአሁኑ ፓስፖርቶችን አስቀምጡ፣ የጉዞ ቀኖችን መዝግቡ፣ ምንም አትደብቁ።

ልብስ፦ ሙሉ ልብስ ከክራባት ጋር ወይም ለሴት ልጅ ተመጣጣኙ። ወላጅ ውጭ ይጠብቃል፤ ክፍሉ አይገባም፣ ለጠያቂዎቹም አይናገርም። ቃለ መጠይቁ በዙም ከሆነ ቤቱ ጸጥ ይበል፣ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ቡና ማፍላቱ ይዘግይ። በማግስቱ ልጁ የምስጋና ኢሜይል ይላክ።

ቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ብቻ አትለማመዱ። የምታውቁት ጡረተኛ ወታደር፣ የጄአርኦቲሲ አስተማሪ ወይም አሠልጣኝ በእንግሊዝኛ ያስጨንቃችሁ።

ደረጃ 8፦ የአካል ብቃትና ሕክምና (ኖሚኔሽኑን እየጠበቃችሁ)

የአካል ብቃት ፈተናው ስድስት ነገር ነው። ተንበርክኮ የቅርጫት ኳስ መወርወር፣ ፑል አፕ፣ የምልልስ ሩጫ፣ የሆድ ስፖርት፣ ፑሽ አፕና የአንድ ማይል ሩጫ። ሁሉም በተከታታይ በአንድ ቀን ነው። ብዙ ልጅ ማይሉን ይለማመድና ኳስ ውርወራውን ይረሳዋል። በሙሉው ቅደም ተከተል ተለማመዱ። የሚፈትናቸው የስፖርት መምህር ሊሆን ይችላል።

የሕክምና ምርመራውን ዶድመርብ የሚባለው የመከላከያ መሥሪያ ቤት ክፍል ያዛል። ጥሪው እንደመጣ ቀጠሮ ያዙ። ሦስት ነገር ልብ በሉ፦

- ከ13ኛ ልደት በኋላ የአስም መድኃኒት ያዘዘ ሐኪም ካለ ይታያል። ሳል ለነበረበት ልጅ "ለማንኛውም" ተብሎ የተሰጠ ኢንሄለርም ጥያቄ ያስነሳል። የሐኪሙን ማስታወሻ አዘጋጁ።
- ኢትዮጵያ በሕፃንነት የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ልጅ የቆዳ ቲቢ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የደም ምርመራው በክትባቱ አይሳሳትም፤ እሱን ጠይቁ። የቲቢ መከላከያ መድኃኒት ወስዶ ከሆነ መጨረሱን የሚያሳይ ወረቀት ይኑራችሁ።
- የቀለም መለየት ችግር ለባሕርና ለአየር ኃይል ትልቅ ጉዳይ ነው። ቀድማችሁ አስመርምሩ።

"ብቁ አይደለም" የሚል ደብዳቤ ቢመጣ መጨረሻው አይደለም። አካዳሚው ልጁን ከፈለገው ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅለት ይችላል። ተጨማሪ ሰነድ ሲጠየቅ በሳምንቱ መልሱ። ደግሞ ምንም ነገር አትደብቁ፤ የተደበቀ ሕመም ሲገኝ ከሕመሙ በላይ ይጎዳል።

ደረጃ 9፦ ከጃንዋሪ 31 በኋላ

ቢሮዎቹ ስሞችን እስከ ጃንዋሪ 31 ለአካዳሚዎቹ ይልካሉ።

*ኖሚኔሽን ከመጣ፦* የአካዳሚው ፖርታል ላይ መመዝገቡን እዩ። ካልታየ ለቢሮውም ለአካዳሚውም ጻፉ። የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት ላኩ። አዲስ የኤስኤቲ ውጤት ካለ ጨምሩ። የአካዳሚው መልስ እስከ ጸደይ ሊዘገይ ይችላል፤ በዚህ መሀል ለሌሎች ኮሌጆችና ለአርኦቲሲ ስኮላርሺፕ ማመልከት አታቁሙ።

*ካልመጣ፦* መጀመሪያ ቢሮውን "በምን ላሻሽል?" ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ብዙዎቹ ይመልሳሉ። ከዚያ ያሉት መንገዶች፦

1. ኮስት ጋርድ። ኖሚኔሽን አይጠይቅም ብለናል። ግን የእሱም ማመልከቻ በጊዜ ስለሚዘጋ ከሌሎቹ ጎን ለጎን በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ (በፎል) ይግባ።
2. የመሰናዶ ትምህርት ቤት። አካዳሚዎቹ የአንድ ዓመት መሰናዶ አላቸው፤ የሚልኩት ራሳቸው ካመለከቱት መርጠው ነው። ለዚህ ነው የአካዳሚው ፋይል መሟላት ያለበት።
3. ኮሌጅ ከአርኦቲሲ ጋር። አንድ ዓመት ተምሮ፣ ካልኩለስና ኬሚስትሪ ላይ ጥሩ ውጤት ይዞ እንደገና ማመልከት ይቻላል። በአርኦቲሲው በኩልም ኖሚኔሽን ሊገኝ ይችላል።
4. ተራ ወታደር ሆኖ መግባት። በአገልግሎት ላይ ላሉና ለተጠባባቂዎች አካዳሚዎቹ የለዩት ቦታ አላቸው።

እንደገና የምታመለክቱ ከሆነ ያለፈው ዓመት ኖሚኔሽን ወይም ፋይል አይተላለፍም። ፎርሙ፣ ደብዳቤው፣ ቃለ መጠይቁ ሁሉ ከዜሮ ነው። አዲሱን የመጨረሻ ቀን ለማወቅ በማርች ለአራቱም ቢሮዎች ደውሉ።